በሬው ያደረበት በረት

የካቲት ዐሥራ ስድስት ቀን ነበር፤ ዓመቱ 2016። እንዲህ ብዬ ከጻፍሁ በኋላ ግን እጄ አልሄድልህ አለኝ። ዐሥራ ስድስት ከሆነ ኪዳነ ምሕረት ናት፤ በኪዳነ ምሕረት ደግሞ ጋሽ ይሻው መፍቻ አይነኩም። እጃቸው እስከ ክርናቸው ዘይት እንደ ነበረ፣ አቶ ሲሳይ ሊጨብጣቸው ሲመጣ በእጃቸው ፈንታ ክርናቸውን እንደ ሰጡት ዛሬ የሆነ ያህል ይታየኛል። ቅዳሜ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ገበያተኛው በጋራዡ በር አህያውን እየነዳ ሲያልፍ ነበር። እንግዲህ ወይ ከኪዳነ ምሕረት በፊት ያለችው ቅዳሜ ናት፣ ወይ ከዚያ በኋላ ያለችው፤ ወይም ዘይቱን ከሌላ ቀን አምጥቼ እጃቸው ላይ የቀባሁት እኔ ነኝ።

በዚያ ቀን የአንዲት ሴት በሬ ማደሪያውን ለወጠ። የሆነው ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ጋሽ ይሻው ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብላ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ፣ የወፍጮ ሞተርና የውኃ ፓምፕ የሚጠግኑ ሰው ናቸው። ስልሳን አልፈዋል። ሰው ስማቸውን አይጠራም፤ «ቼኩ ጋ ውሰደው» ነው የሚባለው። በ1976 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው መንግሥት የትራክተር ጥገና እንዲማሩ ቼኮስሎቫኪያ፣ ብርኖ ወደምትባል ከተማ ልኳቸው አምስት ዓመት ተቀምጠው ስለ መጡ ነው። ሲመለሱ ጥቂት ትራክተር ጠገኑ። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፤ የሚሠሩበት እርሻ ፈረሰ፤ ትራክተሮቹም በቆሙበት ጎማቸው እየተፈታ አለቁ። እሳቸው ወደ ደብረ ታቦር መጥተው ወፍጮ መጠገን ያዙ። ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸው እትዬ ትዕግሥት ካረፉ ወዲህ ጋራዡ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። የሥጋ ዘመድ የቀረቻቸው ታናሽ እህታቸው አዛለች ናቸው፤ ጉና ተራራ ግርጌ፣ ሁለቱም በተወለዱበት መንደር የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴት። ልጃቸው ዓረብ አገር ሄዳ ቀርታለች።

እኔ ታሪክ አስተምራለሁ። በዚያ ሰሞን ስለ ትንንሾቹ የስላቭ ሕዝቦችና «ጠባቂያችሁ እኛ ነን» ስለሚሏቸው ኃያላን መንግሥታት የማስተምርበት ምዕራፍ ላይ ደርሼ ነበር። ሩሲያ የሰርቦችና የቡልጋሮች ታላቅ እህት ነኝ ትላለች፤ ፈረንሳይ ለቼኮች ዋስ ትሆናለች፤ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይነጥቃል፣ የነጠቀውም በተራው ጠባቂ ይባላል። ለተማሪዎቼ ይህ ሁሉ ካርታ ላይ የፈሰሰ ቀለም ነበር። እውነቱን ለመናገር ለእኔም ከዚያ እምብዛም አይርቅም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡ እየሄድሁ ጋሽ ይሻውን ስለ ብርኖ ማስወራት ጀመርሁ።

የሚያወሩልኝ ሁሌም ስለ አንድ ሰው ነው፤ ስለ ፓን ዮዜፍ። «ፓን» በአገሩ ቋንቋ «አቶ» ማለት ነው። ከትራክተር ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሽ ይሻው በትምህርት ዕረፍታቸው የሰውየውን የአትክልት ቦታ ሲቆፍሩ፣ አጥር ሲያድሱ ይውሉ ነበር፤ ሽማግሌው ደግሞ ሾርባ ያበሏቸዋል፣ ያወሯቸዋል።

«ነገሩ በመስከረም ነው፣ በእኛ 1931» አሉኝ በዚያች ቅዳሜ፣ የአንድ ፓምፕ ክዳን እየፈቱ። «ሽማግሌው ያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ናቸው። ጀርመን ‘የጠረፉን አገር ስጡኝ’ ብላ ተነሣች። ክተት ታወጀ። እሳቸውም ጠረፍ ላይ ካለ የኮንክሪት ምሽግ ገቡ። ፈረንሳይ በውል ጠባቂያቸው ናት። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ኋላ ናት። ሩሲያም ‘ፈረንሳይ ከገባች እኔም እገባለሁ’ ብላለች። ሦስት ጠባቂ! ‘እንደዚያ ሰሞን ተማምኜ ተኝቼ አላውቅም’ ይሉኝ ነበር።»

«ከዚያስ?» አልሁ።

«ከዚያማ ኃያላኑ ሙኒክ ላይ ተቀመጡ። የቼክ መልእክተኞች ሆቴል ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ወደ ጉባኤው የጠራቸው የለም። እዚያ አገር እስከ ዛሬ አንድ አባባል አለ፤ ‘ስለ እኛ፣ ያለ እኛ’ ይላሉ።»

ወሬው እዚህ ላይ ሳለ ነው አቶ ሲሳይ የገባው። ሲሳይ የእትዬ አዛለች ጎረቤት ነው። አራት ጥማድ በሬ፣ አምስት ወንድ ልጅ፣ ትከሻው ላይ የማይለይ ጠመንጃ። ከተማ ሲገባ ጠመንጃውን የሆነ ቦታ አስቀምጦ ይመጣል፤ ትከሻው ግን እንደ ተሸከመ ዘመም ይላል። ጋሽ ይሻው ክርናቸውን ሰጡት።

«ወንድሜ ይሻው፣ በአንተ ጉዳይ ነው የመጣሁ» አለ፣ የተገለበጠ ሣጥን ላይ እየተቀመጠ። «በእህትህ ጉዳይ።»

«አሟታል?»

«ደህና ናት፣ እግዜር ይመስገን። ግን ጊዜውን ታየዋለህ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ባላጋራዎቼ፣ የእነሙሉቀን ወገኖች፣ አይተኙም። በቀደም ሌሊት ተኩስ ነበር። የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ከብት እየነዳ ይሄዳል። ሴት ብቻዋን፣ አንድ በሬ፣ መዝጊያ የሌለው በረት! ለሌባ ድግስ ደግሶ መጥራት አይደለም?»

«መልካሙስ አለ አይደል?» አሉ ጋሽ ይሻው።

«መልካሙ!» ሲሳይ ሳቀ። «መልካሙ ያለው አንድ በሬና አንድ ሳል ነው።»

በያጁ ብርሃኑ፣ ጥግ ይዞ የወፍጮ ወንፊት የሚበይደው፣ የዓይን መከላከያውን ወደ ላይ ገፍቶ አብሮ ሳቀ። «ሳሉስ ይጠመዳል እንዴ?» አለ።

መልካሙ ማን እንደሆነ መናገር አለብኝ። በእኛ አገር አንድ በሬ ያለው ሰው ብቻውን አያርስም፤ ቀንበር ሁለት አንገት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ በሬ ያለው፣ አንድ በሬ ካለው ሌላ ሰው ጋር ይቀናጃል፤ ሁለቱ በሬዎች ተጠምደው ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን ያርሳሉ። መቀናጆ ይባላል። ሴት እርፍ አትጨብጥም በሚባልበት አገር እትዬ አዛለች በሬያቸውን ቦራን ያመጣሉ፤ መልካሙ በሬውንና ክንዱን ያመጣል። እትዬ አዛለች በአረምና በአጨዳ ጉልበታቸውን ይመልሳሉ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ እንዲህ ኖረዋል። ሁለት ደካማ ሰዎች፣ ሁለት በሬ። ማታ ሲሆን እያንዳንዱ በሬ ወደ ጌታው በረት ይገባል። በሬዎቹ ቀን አንድ ላይ ይውላሉ እንጂ ሌሊት አንድ ላይ አያድሩም።

«እና ምን አሰብህ?» አሉ ጋሽ ይሻው።

«ቦራ እኔ በረት ይደር። ከእኔ ካንዱ ጋር ይጠመዳል። የወንዝ ዳሯን መሬቷን እኔ አርስላታለሁ፤ እኩል ትወስዳለች። ልጆቼ በሬዋን ሲጠብቁ ቤቷንም ይጠብቃሉ። ማን ደፍሮ ይነካታል? ግን ያለ አንተ ቃል አላደርገውም። የአባትህ መሬት ነው፣ ወንድሟ አንተ ነህ።»

ጋሽ ይሻው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ለረጅም ጊዜ ጠረጉ።

«ማሳውን እኩል ካካፈልሃት፣ በሬው የትም ቢያድር ምን ቸገረን» አሉ በመጨረሻ። «እንዲያውም ከሌባ ይተርፋል።»

ሲሳይ ተነሣ። «በል እንግዲህ ሰው ይስማ» አለና ወደ እኔና ወደ ብርሃኑ ዞረ። «ሰምታችኋል አይደል?»

«ሰምተናል» አልን።

ሲሄድ ጋሽ ይሻው ወደ ፓምፑ ተመለሱ፤ ወሬያቸውንም ካቆሙበት ቀጠሉ። «እና ምሽጉን ልቀቁ የሚል ትእዛዝ መጣ። አንዲት ጥይት አልተኮሱም። ፓን ዮዜፍ ከመውጣታቸው በፊት መትረየሱን ፈቱት፣ ወለወሉት፣ ዘይት ቀቡት፣ መልሰው ገጠሙት። ልማድ ነዋ! ወታደር መሣሪያውን ሳይቀባ አይሄድም። በኋላ ጀርመኖች ገብተው የተቀባ መሣሪያ አገኙ። ‘ከዚያ ወዲህ ዘይት በነካሁ ቁጥር፣ ይህን ለማን ነው የምቀባው? እላለሁ’ ይሉኝ ነበር።»

ሌላውንም ነገሩኝ። ስድስት ወር ሳይሞላ ጀርመን የቀረውንም እንደ ወሰደች፣ የወሰደችውንም አገር «በጥበቃችን ሥር ያለ ግዛት» ብላ እንደ ሰየመች። በኋላ ሩሲያኖች ጀርመንን አባረው ሲገቡ ፓን ዮዜፍ መንገድ ዳር ቆመው አበባ እንደ ሰጧቸው፤ ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ እነዚያው ወዳጆች «ከጠላት ልንጠብቃችሁ» ብለው በታንክ እንደ መጡ። «ይህችን ሲያወሩኝ ጎረቤት እንዳይሰማ የቧንቧውን ውኃ ይከፍቱ ነበር» አሉኝ። «‘ሦስት ጠባቂ አይቻለሁ’ አሉኝ አንድ ቀን። ‘አንደኛው በሩን ክፍት ትቶት ሄደ። ሁለተኛው ጠባቂ ነኝ እያለ ገባ። ሦስተኛውስ በእውነት አድኖን ነበር፤ ኋላ ግን መጥቶ አደረና፣ አድሮ ቀረ።’ እኔ ብርኖ ስደርስ ወታደሮቹ ገና አልሄዱም ነበር።»

ፓምፑ ተገጠመ፣ ብርሃኑ ውኃ ሞላበት፣ ሠራ። በዚያ ቅዳሜ የሽማግሌውን ወሬና የቦራን ማደሪያ አንድ ላይ ያየ ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

መልካሙ በሰኔ መጣ። ዝናቡ ጀምሮ ጋራዡ በር ላይ ጭቃ ነበር። ቀጭን፣ ኮቱ ከትከሻው የሚሰፋ ሰው ነው፤ ከመግባቱ በፊት በር ላይ ቆሞ ሳሉን ጨርሶ ገባ።

«አያ ይሻው፣ እኔን ከማን ጋር ሊጠምዱኝ ነው?» አለ፣ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ።

«እንዴት?»

«ቦራን ለሲሳይ ሰጡት። የእኔ በሬ ብቻውን ቀረ። አንድ በሬ ይዤ ማን ደጅ ልቁም?»

«አልሰጠሁትም እኮ መልካሙ። ከሌባ ይጠበቅ ብዬ፣ ማደሪያውን ነው እንጂ…»

መልካሙ ቀና ብሎ አያቸው፤ የሚቀልዱ መስሎት ነበር። እንዳልቀለዱ ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የታመመ ሰው አጠገብ እንደሚያወራ ሆነ። «አንቱ ከተማ ከርመዋል፣ አይፈረድብዎትም» አለ። «ከእኛ ዘንድ በሬ ክረምቱን ያደረበት በረት ጌታ፣ ያ በሬ የሚያርሰው ማሳም አራሽ እሱ ነው። እንኳን ሰው፣ ውሻም ያውቀዋል። ሽማግሌ ሲጠይቅ፣ ‘መሬቱ የማን ነው?’ ብሎ አይጀምርም፤ ‘በሬው የት ያድራል?’ ብሎ ነው። እኛ አብረን ስንኖር በሬዎቻችን ሌሊት የሚለያዩት ለምን መሰለዎት?»

 ጋሽ ይሻው በበጋው ያሉትን ቃል አስታወስሁ፤ «የትም ቢያድር ምን ቸገረን»። የገበሬ ልጅ ናቸው። ግን በልጅነታቸው ከመንደር ወጥተው ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከትምህርት ቤት ውጭ አገር፤ ከውጭ አገር ጋራዥ። በአባታቸው ቤት ማታ ማታ በሬዎቹ የት እንደሚገቡ አይተዋል፤ ለምን እንደሆነ የሚነገርበት ዕድሜ ሲደርስ ግን እሳቸው አልነበሩም።

«ሂጄ አስመልሰዋለሁ» አሉ።

«በእርሻ መሀል? ከቀንበር ላይ? ጠብ ይነሣልዎታል» አለ መልካሙ። «እኔም ሄጃለሁ፣ ምን እደብቅዎታለሁ። ሙሉቀን ማዶ ሆኖ ጠራኝ። በሬዬን እሱ በረት አስገብቻለሁ። ከሲሳይ የሚጠብቀኝ እሱ ነው አሉ።» ሳቅ ሞከረና ሳለ። «ከእትዬ አዛለች ጋር ወንዙን መሀል አድርገን ቀረን። ማዶና ማዶ እየተያየን።»

በመኸር እትዬ አዛለች ከተማ መጡ። ሲሳይ ቃሉን ጠብቆ ገብሱን እኩል አካፍሏቸዋል። ቤታቸውን የነካ የለም። እንግዲህ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር።

«ቦራን ስጠራው ጆሮውን አላነሣም» አሉ፣ ለወንድማቸው ያመጡትን ድንች እያራገፉ። «ጨው ይዤ ሄጄ ነው። የሲሳይ ልጅ ‘አያውቅሽም፣ እንዳይወጋሽ’ አለኝ። ከጥጃነቱ ያሳደግሁት እኔን!»

«በሬ ነው፣ ይረሳል» አሉ ጋሽ ይሻው።

«አይ አያ ይሻው። በሬ አይረሳም። ያለበትን ነው የሚያውቅ።»

ከዚያ ታኅሣሥ ገባ። በግጦሽ ሣር ተጣልተው የሲሳይ ልጅ የሙሉቀንን ወንድም እግሩን በጥይት መታው። ሁለቱ ወገኖች ወንዙን ይዘው ተፋጠጡ። ደም መጣ ማለት ነው፤ ደም ከመጣ ደግሞ ከልጅ ልጅ አይወጣም። ካህናቱ መስቀል ይዘው መሀል ገቡ፣ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ሰው ሁሉ «እግዜር ይስጣቸው» አለ። እኔም እዚህ ከተማ ሆኜ ስሰማ እንዲሁ ብያለሁ። በዚያ ዘመን የታረቀ ሰው ወሬ እንደ ዝናብ ይናፈቅ ነበር።

ሲሳይ ካሣ እንዲክስ ተፈረደበት። እሱም «የማርሳትን የወንዝ ዳር መሬት ልስጥ» አለ። ሽማግሌዎቹ ጠየቁ፣ «ማን ነው የሚያርሳት?» «እኔ።» «በሬውስ የት ነው የሚያድር?» «እኔ በረት፤ ምስክርም አለኝ።» በቃ። ሁለቱ ኃያላን መስቀል ተሳልመው፣ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሴት ሽማግሌ ፊት አትቀርብም፤ እትዬ አዛለችን የጠራቸው አልነበረም። በዚያ ሰዓት ከጉባኤው ብዙም ሳይርቁ ኩበት ሲለቅሙ ነበር አሉ። ሰዎቹ ሲተቃቀፉ ከሩቅ አይተው፣ መታረቃቸው ነው ብለው እልል ብለዋል።

እውነቱን ያወቁት በጥር መጨረሻ ነው። ጠዋት የጅራፍ ድምፅ ሰምተው ሲወጡ የወንዝ ዳሩ ማሳቸው እየታረሰ ነው። የሚያርሰው መልካሙ ነበር። ሙሉቀን ልኮት፤ በሙሉቀን ቀንበር፣ አንደኛው የራሱ በሬ፣ ሌላኛው የሙሉቀን። ሁለቱ ተያዩ። መልካሙ እርፉን ለቆ ቆመና ማሳል ጀመረ፤ ማቆም አቃተው። እትዬ አዛለች ውኃ በቅል ይዘው ወረዱና ሰጡት።

«እረስ» አሉት። «ምን ታደርግ። አንተ ባታርሰው ሌላ ይልካል።»

ሲሳይ ማታ ሊያጽናና መጣ። «ጠበቅሁሽ እኮ!» አላቸው፤ እንደ ነገሩኝ ከልቡ ነበር የሚያወራው። «ደሙ ባይደርቅ መጀመሪያ የምትቃጠለው የአንቺ ጎጆ ነበረች። አሁንም ጎጆሽ አለሽ፣ እኔ አለሁሽ። ቦራም እኔ ዘንድ ይቆይ፣ ደህና ይበላል።»

ጋሽ ይሻው ወሬው እንደ ደረሳቸው ሄዱ። የመኪናው መንገድ በዚያ ሳምንት ስለ ተዘጋ ዳገቱን በእግራቸው ነው የወጡት። ዋናውን ካህን ለመኗቸው። «ልጄ፣ ይህን እርቅ ያስታረቀ መስቀል ነው» አሏቸው ካህኑ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ግፍ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ለአንዲት ማሳ ብለህ የደረቀውን ደም መልሰህ ልታርሰው ነው?» የመሬት ደብተሩ በእትዬ አዛለች ስም ነው፤ ሣጥናቸው ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጧል። ለሚመለከተው ሰው አሳዩት። ሰውየው በአክብሮት ገልጦ አየውና በአክብሮት መለሰላቸው። «ምንም ጉድለት የለበትም። ሰላም ሲሆን ኑ።»

«ደብተሩ በእጇ፣ መሬቱ በእጃቸው» አሉኝ ሲመለሱ። እግራቸው ቆስሎ በሣጥኑ ላይ ዘርግተውት ነበር።

«ወደ እዚህ አያመጧቸውም?» አልሁ።

«ብያታለሁ። ‘ከተማ ገብቼ የማን ተጠጊ ልባል?’ አለችኝ። ‘የእኔ’ አልኋት።» እግራቸውን በሣጥኑ ላይ አመቻቹ። «‘አየህ?’ አለችኝ።»

ብርሃኑ በጋራዡ ጥግ የተሰቀለችውን ትንሽ ቴሌቪዥን ከፍቶ ዜና ያይ ነበር። እዚያም፣ ከሩሲያ ጎረቤት አገር፣ ጦርነት ነው፤ የፈረሰ ፎቅ፣ በረዶ፣ አጎንብሳ ቅርጫት የምትጎትት አሮጊት። እዚህ አገር ሰው ስለዚያ ጦርነት ሁለት ወገን ሆኖ ይከራከራል፤ አንዱ ሩሲያን፣ አንዱ አሜሪካንን ይዞ። ሁለቱም ያቺን አሮጊት የሚጠብቃት የእኔው ነው ይላሉ።

«ጋሼ ቼኩ፣ አንቱ አገሩን ያውቁታል» አለ ብርሃኑ ሊያጫውታቸው ፈልጎ። «ማን ነው የሚያሸንፍ?»

ጋሽ ይሻው ወደ ስክሪኑ አላዩም። «ማን እንደሚያሸንፍ አላውቅም። ኋላ ለእርቅ ሲቀመጡ ግን ከጉባኤው ማን እንዳልተጠራ እይ። የተሸነፈ እሱ ነው።»

«ያልተጠራ ሰው ምን ያድርግ ታዲያ?» አለ ብርሃኑ።

ይህን ጥያቄ እኔም ልጠይቅ ነበር። ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ ጠይቃኝ፣ «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብዬ አልፌዋለሁ። ጋሽ ይሻው እግራቸውን ከሣጥኑ አውርደው ጫማቸውን ፈለጉ። «ዓለም ላይ መሬቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ብዙ ነው» አሉ። «ፓን ዮዜፍም ያንን ነበር የሚሉት። ፈረንሳይም ታውቅ ነበር ይሉኝ ነበር። እንግሊዝም ታውቅ ነበር።»  ጫማቸውን አጥልቀው ወደ ጓሮ ሄዱ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጋራዡ ስሄድ በሩ ገርበብ ብሎ ብርሃኑ ብቻውን ነበር።

«መናኸሪያ ናቸው» አለኝ። «ወደ እህታቸው መንደር የሚወስደው የጋሳይ መንገድ ተከፈተ ሲባል ሰምተው ነው።»

«ተመላሽ ናቸው?»

«ቁልፉን ሰጥተውኛል። ደግሞ ስማኝ መምህር፣ ሁለት ቀን ሙሉ ምን ሲሠሩ እንደ ከረሙ ታውቃለህ? ከአሮጌ አይሱዙ ባሌስትራ ቆርጠው ማረሻ ሲቀጠቅጡ። እንዲህ ያለ ማረሻ አይቼ አላውቅም፤ ምላጭ ነው። ‘ለማን ነው?’ ብላቸው፣ ‘ዝም ብለህ እሳቱን አራግብ’ አሉኝ። ሲጨርሱ ዘይት ቀቡት፣ በካኪ ወረቀት ጠቀለሉት።»

ወደ መናኸሪያው ቁልቁል ሮጥሁ። እየሮጥሁ አስብ ነበር። ማረሻው ለመልካሙ ከሆነ፣ መልካሙ የሚያርሰው በሙሉቀን ቀንበር ነው፤ በሬውም ማዶ ነው የሚያድር። ለሲሳይ ከሆነ እጅ መንሻ ነው፤ እህቴን ከጎጆዋ አታስነሣብኝ፣ ቦራንም ደህና አብላልኝ ማለት ነው። ለሙሉቀን ከሆነ ደግሞ የአባታቸውን መሬት የሚገለብጠውን ብረት በገዛ እጃቸው ስለው ሊሰጡት ነው። ለእህታቸው ነው እንዳልል እትዬ አዛለች የሚጠምዱት በሬ የላቸውም፤ ቢኖራቸውም የሚያርሱት መሬት የለም። የትኛውንም ባነሣ መጨረሻው ያው ነበር። ቢሆንም ማወቅ ፈለግሁ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ሞተሩ ተነሥቷል። ጋሽ ይሻው ከኋላ ወንበር፣ በመስኮቱ በኩል ነበሩ። ጉልበታቸው ላይ ጥቅሉ አለ። ወረቀቱን ዘይት አርሶት የማረሻው ጫፍ በጥቁሩ ይታያል። አዩኝ። በመስኮቱ በኩል እጃቸውን አነሡ፤ ዘይቱ አልታጠበም።

«ጋሽ ይሻው!» አልሁ፣ መስኮቱን ለመያዝ እየተንጠራራሁ። «ለማን ነው የ…»

«ሙሉ ነው፣ ሙሉ ነው! ዞር በል ወንድሜ!» አለ ረዳቱ፤ በሩን ዘጋና ጣሪያውን በመዳፉ መታው። ሚኒባሱ ከመናኸሪያው ወጥቶ ወደ ጋሳይ መንገድ ታጠፈ።